የእትዬ እንጉዳይ ልመና

እትዬ እንጉዳይ መሞታቸውን የሰማሁት ሐሙሲት ላይ ነው። የተሳፈርኩበት መኪና ጎማ እስኪቀየርለት መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ የድሮ የደብረ ታቦር ጎረቤት አገኘኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ አረዳኝ። ከተቀበሩ ቆይተዋል። «ደግ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ነፍሳቸውን ይማር ያለውን ተቀበልኩ። ስለ ደግነታቸው ግን ልከራከረው አፌን ስከፍት ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። የተቋረጠ ክርክር ስለማልወድ እዚህ ልቋጨው።

እትዬ እንጉዳይ ደግ አልነበሩም። ደግ ሰዎችን አውቃለሁ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲሰጡ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ከሰጡ በኋላ ፊታቸው ላይ በልቶ የጠገበ ሰው እርጋታ ይታያል። እትዬ እንጉዳይ ዘንበል የሚል አንገት አልነበራቸውም። አጭር ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ጓዳ ሆነው ሲጣሩ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው «አቤት» ይላል። ሲያናግሩ የሰውን እጅጌ ይይዛሉ፤ ነገሩ ማለቁ የሚታወቀው ሲለቁ ነው። ባላቸው እብናት እየወረደ ከብት የሚነግድ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ጫፍ ጠላ እየሸጡ ይኖሩ ነበር። እኔ መምህር ሆኜ ተመድቤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አስተማሪ» ይሉኛል፤ እሳቸው ሲሉት የሙያ ሳይሆን የበሽታ ስም ይመስል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ረኃብ በኋላ። ዝናቡ ተመልሷል። ከእህል መጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራው መጠለያ ውስጥ ግን ከእብናት ወዲያ ካለው ቆላ ከብታቸው አልቆ የወጡ ሰዎች አሁንም ነበሩ። በየወሩ ተሰልፈው ስንዴና ዘይት ይቀበላሉ፤ በቀረው ጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ ቀያቸው እንዳይመለሱ በሬ የለም፤ ዘር የለም። ብዙዎቹ ተመልሰው በሩን የሚከፍትላቸው ሰውም አልነበራቸውም።

ስለ እነዚህ ሰዎች የእትዬ እንጉዳይ ጠላ ቤት ሁለት ፓርቲ ነበረው፤ ሀገሪቱ አንድ ብቻ በተፈቀደላት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንደኛው ወገን «ስንዴው አባለጋቸው፤ ሰነፉ» ይላል። ሁለተኛው «ምስኪኖች ናቸው፤ ምን ያድርጉ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ስለ ድህነት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ በልተው ባደሩ ሰዎች የተጻፉ ናቸው፤ ክርክራቸውም ከዚያ ጠላ ቤት ብዙ አልራቀም። ሰነፍ የሚለውም ምስኪን የሚለውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በሁለቱም አስተሳሰብ ሰውየው እንደተቀመጠ ይቀራል።

እትዬ እንጉዳይ ለሁለቱም ወገን እኩል ይቀዱ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰምተው ሰምተው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና፣ ከእነዚህ ምስኪን ከምትሏቸው ሰዎች ጋር መጨረሻ የተጣላችሁት መቼ ነው ብለው ጠየቁ። 

«ከሞተ ሰው ጋር ማን ይጣላል» አሉና ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

ልመናቸውን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ መጠለያው የሚሄድ የከተማ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዞ ነው፤ ያረጀ ነጠላ ይሆናል፣ የተረፈ ቆሎ ይሆናል። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ሄደው ይለምኑ ጀመር። አንዷን ጌሾ የሚወቅጥልኝ አጣሁ ይሏታል። ሌላውን ጠፍር ታውቃለህ አሉ፣ እስቲ የላሜን ማሰሪያ እይልኝ ይሉታል። እምቢ ሲሏቸው አይቀየሙም፤ በማግስቱ ይመለሳሉ። እየቆየ የመጠለያው ሰዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ወደ ውስጥ መግባት ጀመሩ። ሀብታም ከለማኝ ሲሸሸግ አይቻለሁ፤ ስንዴ የሚሰፈርለት ሰው ከለማኝ ሲሸሸግ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉ አብዝተው የለመኑት አያ ታከለን ነበር። በአገሩ ሁለት በሬ የነበረው፣ ማረስ የሚወድ ሰው ነበር ይሉታል። ከቆላ ሲወጣ ሁለት ልጆቹን በእብናት መንገድ ላይ ቀብሯል። ሚስቱና አንዲት ልጁ ተርፈውለታል። መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንዲጠብቅ የተሰጠው ይመስል እጆቹን አያንቀሳቅሳቸውም።

«ታከለ፣ የበረቱ አጥር ወደቀብኝ፤ ና አቁምልኝ» አሉት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ ይተዉኝ። ጉልበት የለኝም።»

«ጉልበት ማን ለመነህ? ዐይንህን ነው። የሚሠሩ አሉ፤ አንተ ቆመህ ጠመመ ትላቸዋለህ።»

መጣ። የሚሠሩት የጠላ ደንበኞቻቸው ነበሩ፤ እትዬ እንጉዳይ ደግሞ ሰዎቹን ወደ ሥራው ያሰማሯቸው ከጠጡ በኋላ እንጂ በፊት አልነበረም። አያ ታከለ ጥቂት ቆሞ አየ። ጠመመ አለ። እንደገና ጠመመ አለ። በመጨረሻ አንዱን በትከሻው ገፋ አድርጎ እንጨቱን ከእጁ ወሰደ። ሲጨርስ ለሌሎቹ እንደቀዱላቸው ቀዱለት፤ አላመሰገኑትም። ይልቅ በሩን አጠበብከው ብለው ነዘነዙት። «የተቀማጭ ቂጥ ሥር ያወጣል» አሉኝ ሲሄድ፤ «ገና ለጋ ሳለ ካልነቀሉት በመጥረቢያም አይሆን።»

ይህ እንግዲህ ጥሩ ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። በዚያ ዓመት በልግ ላይ ግን ወሬ መጣ። ስንዴው ሊቆም ነው፤ በነሐሴ ኮሚቴ ይመጣና መሬት የሌለውን ተረጂ ሁሉ መዝግቦ ለሠፈራ ወደ ሩቅ ቆላ ይጭነዋል ተባለ። ከዚያ በፊት የተጫኑት ሰዎች ወሬያቸው እንጂ እነሱ አልተመለሱም። አያ ታከለ ሲሰማ አልጮኸም። ከልጆቹ መቃብር አልፎ አንድ እርምጃ እንደማይሄድ ብቻ ተናገረ፤ ተናግሮም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እትዬ እንጉዳይ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ሞላን ያዙት። ሞላ የጠላ ቤቱ የዘወትር ሰው ነው፤ በአካባቢው ያሉት የተሻሉ ጥማድ በሬዎችም የእሱ ናቸው።

«መሬትስ አለ» አላቸው። «ባለቤቱ ያለቀበት ጦም ያደረ መሬት ሞልቷል። ኮሚቴው እስኪመጣ ያረሰና የዘራ የእኔ አባል ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ግን በምን በሬ ያርሳል፣ እትዬ?»

እውነቱን ነበር። በክረምት በሬ አውሰኝ ማለት ሚስትህን አውሰኝ ከማለት ቀጥሎ ያለ ድፍረት ነው። መሬቱ ሳይደርቅ፣ ጭቃውም ሳይበዛ፣ ሁሉም በሬውን የሚፈልገው በዚያው ቀን ነው። ሞላ ጨካኝ አልነበረም፤ የእርሻ ወራት ነው የጨከነው።

እትዬ እንጉዳይ መልሱን ያገኙት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ቀኑ የሚካኤል ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ምድሩ ለማረሻ የተመቸ ነው፤ የአገሩ በሬ ሁሉ ግን ሜዳ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። በሚካኤል አይታረስም፤ በማርያም አይታረስም፤ በጊዮርጊስ አይታረስም፤ ያረሰ ሰብሉን በረዶ ይመታዋል። ካድሬዎች ይህን ልማድ ለማስተው ዓመታት ሙሉ ተናግረዋል፤ ገበሬውም በአክብሮት እያዳመጠ በዓሉን አክብሯል። እሳቸው በዓሉን ሊያፈርሱ አላሰቡም። ያሰቡት ሥራ ፈት የዋለውን በሬ ነው።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አባ ተገኘን ግቢያቸው ጠሩ። እኔም ነበርኩ።

«አባ፣ በሚካኤል ዕለት ጎረቤቴ ገደል ቢገባ ነገ አወጣሃለሁ ልበለው?»

«የለም ልጄ፤ ዛሬ ይወጣል።»

«በምን ላውጣው?»

«በመጫኛ ነዋ።»

«መጫኛ መጎተት ሥራ አይደለም?»

አባ ተገኘ እትዬ እንጉዳይን ከድሮ ያውቃሉና ወጥመዱ ሸተታቸው። ምን እንዳሰቡ ጠየቁ፤ ሰሙ፤ ራሳቸውን ያዙ። መልሱን ይዘው የመጡት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እሑድ አይነካም። የዓመቱ ክብረ በዓልም አይነካም። በወሩ በዓል ደግሞ ለራሱ ያረሰ ኃጢአት አለበት፤ ለድሃ ያረሰ ግን መጸወተ። ዘፈንም ጠላም አይኖርበትም።

ሞላ የቀረችውን መከራከሪያ አመጣ። «በሬዎቼስ? እነሱም እኮ በዓል አላቸው።»

«እሑድ እሑድ እዚህ ጠላ ስትጋት በሬህን ጠርተኸው ታውቃለህ?» አሉት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ሞላም ሳቀ፤ በሬዎቹ በዚያች ሳቅ ሄዱ።

የመጀመሪያው የወር በዓል ደረሰ። ከሞላ ሌላ አንዳንድ ገበሬዎችም በሬያቸውን ነድተው መጥተዋል። መጠለያው ውስጥ መራመድ የሚችል ሁሉ ወጥቷል። እንዲጀመር የታሰበው ሞላ ለአያ ታከለ በለየለት ጦም መሬት ላይ ነበር። በሬዎቹ ተጠመዱ፤ እሱም እርፉን ጨበጠ። አባ ተገኘ መስቀላቸውን ይዘው ድንበሩ ላይ ቆሙና፣ ሕዝቡ እንዳይሳሳት ብለው፣ ፈቃዱን ጮክ አድርገው ደገሙት።

«እዚህ ለራሱ የሚያርስ የለም። ይህ የድሃ እርሻ ነው።»

አያ ታከለ እርፉን ለቀቀ። «የማን እርሻ አሉ፣ አባ?»

 ጅራፉን ለሞላ ሰጠና ሄዶ ብሳና ዛፍ ሥር ተቀመጠ። መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘረጋ።

ሰውየው ለዓመታት ስንዴ ተቀብሏል። ተረጂ ተብሏል፤ ተፈናቃይ ተብሏል። እነዚህ የቢሮ ቃላት ናቸው፤ እንደ ዝናብ በላዩ አለፉ። ድሃ ግን የአገሩ ቃል ነው። በአባቱ ደጅ ቆሞ «ስለ ማርያም» ለሚል ሰው ሲባል የሰማው ነው። እሱን ከሠፈራ ለማስቀረት የተፈለገው ፈቃድ እንዲሠራ እሱ መጀመሪያ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድሃ መሆን ነበረበት። እኛ ሁላችን፣ ቄሱም አስተማሪውም፣ ይህን ሳናስተውል ነው እዚያ የደረስነው። እምቢ ካለ ደግሞ መሬቱ ይቀራል፤ መሬቱ ከቀረ ነሐሴ ይመጣል።

እትዬ እንጉዳይ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ። ሚስትህን የት ልታደርሳት ነው አሉት። ልጅህስ አሉት። አልተነሣም።   በመጨረሻ አጠገቡ ሄደው ቁጢጥ አሉና እጅጌውን ያዙ።

«ያንተ መሬት ይቅር» አሉት። «አጠገብህ ያለው የእማማ ውባለም ነው። ሁለት የልጅ ልጆች ይዛ ቀርታለች፤ የሚያርስላት የላትም። እኔ ሴት ነኝ፤ እርፍ አልይዝም። ሞላ ለሰው ማረስ አያውቅም፤ ያበላሽባታል። አንተ ታርስላታለህ ወይስ ሌላ ልለምን?»

እማማ ውባለም የመጠለያው አሮጊት ናቸው፤ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመው ነበር። አያ ታከለ አያቸው። 

«ለሳቸው ከሆነ አርሳለሁ» አለ።

ተነሣና ጅራፉን ከሞላ እጅ ተቀበለ። ያን ዕለት የእማማ ውባለምን መሬት አረሰ፤ ከሰዓት በኋላ የሌላ ባልቴት ጨመረ። ለድሃ አረሰ፤ ስለዚህ ራሱ ድሃ አልነበረም። እትዬ እንጉዳይም ሥርዓቱን በቆሙበት አወጡት፤ ከመጠለያው ሰው አንድም በበዓል የራሱን መሬት አይነካም፤ እያንዳንዱ የሌላውን ያርሳል። የአያ ታከለ መሬት በማርያም ዕለት በሌላ ሰው እጅ ሲታረስ እሱ በቦታው አልነበረም። እትዬ እንጉዳይ ያን ቀን በማለዳ ጠርተውት የጋጥ መዝጊያ ያስጠግኑት ነበር። መሬቱ እየታረሰ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ማወቁንም ሁላችን እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ወደ መሬቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጠላ ቤቱ ተመለሰ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ማነው መሬቴን እንደ እባብ አጣሞ ያረሰው?»

እትዬ እንጉዳይ እየተሳደቡ አባረሩት። በሩን ዘግተው ወደ እኔ ሲዞሩ ግን ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «ሰማኸው፣ አስተማሪ? መሬቴን አለ።»

የአካባቢው ካድሬ የእርሻውን ነገር ሰምቶ ደስ አለው። በበዓል የሚያርስ ሕዝብ ኋላ ቀር ባህልን የደመሰሰ ሕዝብ ነውና በሪፖርቱ ሊያስገባው ፈለገ። በቀጣዩ በዓል መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ አሸክሞ እርሻው ድረስ መጣ። ገበሬዎቹ ጨርቁን ሲያዩ አንድ በአንድ ቀንበር መፍታት ጀመሩ፤ ለሚካኤል ብለው ያመጡትን በሬ ለአብዮት ሊያውሱት አልነበረም። እትዬ እንጉዳይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ካድሬው ሮጡ። «ጓድ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ሰው አጥሮናል፤ ጅራፉን ይያዙልን» ብለው እጅጌውን ይዘው ጭቃው መሀል አስገቡት። ሰውየው አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር። ስብሰባ እንዳለበት ወዲያው ትዝ አለው፤ ጨርቁም አብሮት ሄደ። ቄሱ ምጽዋት ሲሉት፣ ካድሬው ትግል ሲለው፣ እሳቸው ስም አላወጡለትም። ጤፉ ግን እሳቸው ከየገበሬው በለመኑት ዘር በሐምሌ ተዘራ።

አያ ታከለ ከዚያ በኋላ ያደረገው ማንም ያልጠየቀው ነው። በአገሩ ልማድ በሬ የተዋሰ ሰው በጉልበቱ ይመልሳል፤ ለምጽዋት የወጣ በሬ ግን ብድር የለውም። ሞላም ተወው፣ የሚካኤል ነው አለው። አያ ታከለ ይህን ያልሰማ መስሎ በየሥራ ቀኑ የሞላ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ማረም ጀመረ። ምጽዋቱን በእጁ እያረመ ወንፈል አደረገው።

ነሐሴ ላይ ኮሚቴው መጣ። መጋዘኑ ፊት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ መኪኖቹም በስተጀርባ ቆሙ። መኪኖቹ ባዶ አልተመለሱም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እትዬ እንጉዳይን ተረት ማድረግ ይሆንብኛል። የለመኗቸው ሁሉ አልተነሡላቸውም። የተነሡትም ሁሉ መሬት አልደረሳቸውም። እሳቸው ጠረጴዛው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስም በተጠራ ቁጥር የሰውየውን ፊት ያዩ ነበር።

የአያ ታከለ ስም ተጠራ። ሞላ ተነሥቶ፣ አባሌ ነው፣ ዘርቷል ብሎ መሰከረ። ሰብሳቢው ግን ሰውየውን ራሱን ካላየሁ አልሰርዝም አለ፤ የቀረ ሁሉ የተደበቀ ነው። እትዬ እንጉዳይ ላኩኝ።

አያ ታከለን ያገኘሁት የሞላ ጤፍ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው። ሥራውን ትቶ እንዲመጣ ነገርኩት፤ ካልመጣ ስሙ ከሚጫኑት ጋር እንደሚቆይ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሞላ እዚያ ነው?»

«እዚያ ነው። መስክሮልሃል።»

«እንግዲያ እኔ ምን ላደርግ እመጣለሁ?» አለ። «የሰው ሥራ ይዤአለሁ። ፀሐዩ ሳይጠፋ ይችን ማዕዘን ልጨርስ።» ተመልሶ ጎነበሰ።

የሄድኩበትን መንገድ ተመለስኩ። ሰብሳቢው ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ያለውን እንዳለ ነገርኩት፤ ሥራ ይዣለሁ፣ አልመጣም ብሏል አልኩት። ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ። በዚያ ጠረጴዛ ፊት ሰዎች ሲያለቅሱ፣ ሲምሉ፣ ሲለምኑ ውለዋል። ጊዜ የለኝም ብሎ የላከበት ሰው ግን አልነበረም። ጸሐፊውን አየው፤ ሞላን አየው፤ ስሙ ላይ መስመር አሰመረ።

«ባለጌ» አሉ እትዬ እንጉዳይ፤ «መጥቶ ሰላም ማለት ነበረበት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር።

ሰብሳቢው ቀጣዩን ስም ጠራ። የተጠራው ሰው እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ መሬት አልደረሰውም፤ «አቤት» አለ። እትዬ እንጉዳይ ሳቃቸውን አቆሙ። ተነሥተው ጠረጴዛውን አልፈው ሄዱና የሰውየውን እጅጌ ያዙ።

«አንተ!» አሉት፣ ሰብሳቢው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ክረምቱ ሊያልፍ ነው፤ ጣራዬ እንዳፈሰሰ ነው። የምትከድንልኝ መቼ ነው?»

ሰውየው የእሳቸውን ጣራ አይቶት አያውቅም። እሳቸውን አየ፤ መኪኖቹን አየ።

«ነገ ነዋ፣ እትዬ» አለ፤ «ዛሬማ ስሜን ጠርተው አስቀመጡኝ።»